በቶኪዮ መሀል ያለው ጫካ

ቶኪዮ በገባን በሁለተኛው ማታ ባለቤቴ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ «ስማ እስኪ፣ ሰው ያንጎራጉራል» አለችኝ። ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። እውነትም ከታች ከጠባቡ መንገድ ረዘም ያለ፣ እንጉርጉሮ የሚመስል ዜማ ይመጣል። ልጃችን ከማድ ቤት ብቅ ብላ ሳቀች፤ «ስኳር ድንች ሻጩ ነው፤ ኑ እንውረድ» ብላ ጋቢያችንን አቀበለችን።

ትንሽዬ የጭነት መኪና ናት። ጀርባዋ ላይ ምድጃ ተጭኖባት፣ ጭሷን እያትጎለጎለች በሰው እርምጃ ትሄዳለች። ስኳር ድንቹ የሚበስለው በጋለ ጠጠር ውስጥ ነው፤ ያኪኢሞ ይሉታል። ሰውዬው ሁለት መርጦ፣ በወረቀት ጠቅልሎ፣ በሁለት እጁ ሰጠን። ልጣጩ ከስሏል፤ ውስጡ እንደ ማር ቢጫ ነው። መንገድ ዳር ቆመን እጃችንን እያሞቅንበት በላን። ባለቤቴ ጋቢዋን ወደ አፍንጫዋ ሰብስባ፣ «ቆሰበር የቆምሁ መሰለኝ» አለች።

እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጉምና ብርድ የማይለያት የአዊ ደጋ ናት። ማታ ማታ እናቶች የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ሸፍነው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ ትኩሱን ድንች ተቀብሎ መጀመሪያ እጁን ያሞቃል፤ ከዚያ በሚጥሚጣ ይበላዋል። ከዓለም ታላላቅ ከተሞች በአንዱ ውስጥ ቀድሞ የተቀበለን ይህ መሆኑ ደስ አለኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ ቶኪዮን በቆሰበር ዓይን አየኋት።

እኔና ባለቤቴ ስንጋባ ጫጉላ ማለት ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጥ ነበር እንጂ አገር ማየት አልነበረም። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረን ስንኖር ለቅሶ ወይም ሠርግ ሳይጠራን፣ ሕመም ሳያስገድደን፣ ሁለታችን ብቻ እንዲሁ ለማየት ብለን የትም ሄደን አናውቅም። በእኛ አገር ሰው የሚጓዘው ጉዳይ ሲኖረው ነው፤ ለንግሥ፣ ለዘመድ ጥየቃ፣ ለገበያ። ለትምህርት የሄደችው ልጃችን «ኑና እዩ» ብላ ስትጠራን የባለቤቴ የመጀመሪያ ጥያቄ «መጥተን ምን ልንሠራ?» የሚል ነበር። ምንም ሳይሠሩ ጎን ለጎን መሄድ ምን ያህል እንደሚያነጋግር ያወቅሁት እዚያ ነው። ቤታችን ውስጥ ስንነጋገር ስለ ልጆችና ስለ ቤት ወጪ ነበር። ቶኪዮ ላይ ስለ ልጅነታችን አወራን።

ለእኔ ጃፓን ብረት ነበረች። ጂኦግራፊ ሳስተምር በኖርሁበት ዘመን ሁሉ በሰሌዳው ላይ ስለዚያች አገር የጻፍሁት ፋብሪካ፣ መርከብና መኪና ነው። ተማሪዎቼም በዚያው ያውቋታል፤ ከፋግታ ለኮማ ከሰል ጭኖ በከተማችን የሚያልፈው አይሱዙ የጃፓን ነው። ከእኔ በፊት የነበሩት አዋቂዎቻችንም ያዩዋት በጥንካሬዋ በኩል ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥታችንን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲያረቁ አርአያ ያደረጉት የጃፓንን ነው። አውሮፓ ሳይገዛው በራሱ መንገድ የሠለጠነ ሕዝብ መኖሩ ለዚያ ትውልድ ትልቅ ተስፋ ነበር። ተስፋው ግን አልቆየም። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ጃፓን በ1929 ዓ.ም. ለወረራው እውቅና ሰጠች።

እነዚያን ሰዎች አልወቅሳቸውም። መድፍ በደጃቸው ቆሞ ሳለ መድፍ ወዳለው ማየታቸው ተገቢ ነበር። እኔ ግን ያለዚያ ጭንቀት የሄድሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ሌላውን የማይበት ጊዜ ነበረኝ።

ሺቡያ በሚባለው ሰፈር፣ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ የሚፈስበት መስቀለኛ መንገድ አጠገብ፣ የአንድ ውሻ ሐውልት አለ። ሐቺኮ ይባላል። ጌታው የግብርና ሊቅ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ውሻው ከሥራ ሲመለሱ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ ይቀበላቸው ነበር። በ1925 እ.ኤ.አ. ድንገት ሞቱ። እሱ ግን እስከሞተበት እስከ 1935 ድረስ ጣቢያው ደጃፍ እየመጣ ጠበቃቸው። ዛሬ የከተማው ወጣት «ሐቺኮ ጋ እንገናኝ» ብሎ ይቃጠራል። ለአዊ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ፈረሶቻችን በቀይና በቢጫ ጌጥ ተሸልመው ሜዳውን ሲሞሉት፣ የምናስበው ዓድዋ የዘመተውን አርበኛ ብቻ አይደለም፤ የተሸከመውንም ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ በሠርግም በለቅሶም ፈረሱ አብሮን አለ። ባለቤቴ የሐቺኮን እግር በእጇ ዳስሳ፣ «ውለታ የሚያውቅ ሕዝብ ነው» አለች። ከዚያ በላይ ስለ ሺቡያ የምጽፈው የለኝም፤ መብራቱና ጫጫታው አድክሞን ቶሎ ወጣን።

በማግስቱ ጊንኮ የሚባሉ ዛፎች በሁለት በኩል ወደ ተሰለፉበት ጎዳና ሄድን። 146 ናቸው። ቅጠላቸው ትንሽ ማራገቢያ ይመስላል፤ ወቅቱ የሚረግፉበት ነበርና መንገዱ በሙሉ ቢጫ ለብሷል። አግዳሚ ወንበር ላይ ከአንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀመጥን። ባለቤቴ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ብቻዋን መብላት አትችልም፤ ከቆሰበር ያመጣችውን የገብስ ቆሎ ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላቸው። ልጃችን ተሳቀቀች፤ እዚያ አገር የማያውቁትን ሰው እንዲህ ማስቸገር ልማድ አይደለም። አሮጊቷ ግን መዳፋቸውን አጋጥመው ተቀበሉ። ከመብላታቸው በፊት አሸተቱት። ፊታቸው በራ፤ «ሙጊቻ!» አሉ። ሙጊቻ ከተቆላ ገብስ የሚፈላ ሻይ ነው፤ ለካ ጃፓኖች በበጋ እያቀዘቀዙ የሚጠጡት የልጅነት መጠጣቸው ኖሯል። ሴትዮዋ የሸተታቸው የእናታቸው ቤት ነበር። ከቦርሳቸው ሦስት መንደሪን አውጥተው ሰጡን።

ከየት እንደመጣን ሲጠይቁ ልጃችን ነገረቻቸው። «አበቤ» አሉ። አበበ ቢቂላ ማለታቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ፣ ሕፃን ሆነው በአባታቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠው መንገድ ዳር አይተውታል። የሚያስታውሱት ፍጥነቱን አይደለም፤ ዝምታውን ነው። አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር፤ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ገብቶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ሣሩ ላይ ተጋድሞም ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ሁለተኛው እስኪመጣ ከአራት ደቂቃ በላይ ፈጀ። እኔ ይህን ታሪክ ከሬዲዮና ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ከዓይን ምስክር የሰማሁት ግን ከአንዲት የቶኪዮ አሮጊት፣ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው።

ስታዲየሙ ከዚያው ጥቂት ራቅ ብሎ ይገኛል። አበበ የገባበት አሮጌው ፈርሶ በዚያው ቦታ አዲሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። ሰለሞን ባረጋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በ10,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀው እዚህ ነው፤ በኮሮና ምክንያት መቀመጫው ባዶ ነበር። ብረትና ሲሚንቶ ጠብቄ ሄጄ ጣውላ አገኘሁ። የሕንፃው ክፈፍ ዙሪያውን በእንጨት የተለበጠ ነው፤ እንጨቱም ከ47ቱም የአገሪቱ አውራጃዎች የመጣ ነው። እያንዳንዱ አውራጃ ዛፉን ሰጥቷል። ስለ ጃፓን የያዝሁት ሐሳብ መሰንጠቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ካፓባሺ የሚባል መንገድ አለ፤ ከዳር እስከ ዳር የማድ ቤት ዕቃ ብቻ ይሸጥበታል። ባለቤቴን ከዚያ ማውጣት አልተቻለም፤ እኔም ማውጣት አልፈለግሁም። አንድ ሱቅ ውስጥ በመስታወት ሣጥን የተቀመጠች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ የቀርከሃ መጥበጫ አየች። ቻሰን ትባላለች፤ የሻይ ዱቄት በሙቅ ውኃ የሚመታባት ናት። ከአንዲት የቀርከሃ አንጓ ነው የምትሠራው፤ ጫፉ ተሰንጥቆ ተሰንጥቆ እስከ መቶና ከዚያ በላይ ፀጉር የመሰለ ጥርስ ያወጣል፤ ሚስማርም ሙጫም አይገባባትም። በናራ አውራጃ ታካያማ የተባለች ሰፈር ይህን ሥራ ለ500 ዓመታት ያህል ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፋለች። ባለሱቁ ሲያነሣት እንደ ጽዋ ነበር የያዛት። ዋጋዋን ጠይቀን በብር ስናሰላው ደነገጥን፤ እኛ ዘንድ ከአንድ የቀርከሃ ወንበር ይበልጣል።

ባለቤቴ ዝም አለች። ሱቁን ከወጣን በኋላ፣ «አባቴ ይህንን ቢያይ ምን ይል ነበር?» አለችኝ። አባቷ ቀርከሃ ሠሪ ነበሩ፤ የአዊ ደጋ ቀርከሃ እየፈለጡ ወንበር፣ አልጋ፣ ቅርጫትና ቀፎ ይሠሩ ነበር። ይህን አውቃለሁ። የማላውቀው ሌላ ነበር፤ መንገድ ዳር ከአባቷ ጋር ወንበር ስትሸጥ የክፍል ጓደኞቿ ሲመጡ ካየች ከወንበሮቹ ጀርባ ትደበቅ ነበር። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። «አባቴ ያዩኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አልተናገሩኝም» አለች። መንገዱ ላይ ቆመን ትንሽ አለቀሰች። ወንበሮቹ ዛሬም በዚያው አስፋልት ዳር ተደርድረው ይሸጣሉ፤ መንገደኛውም መኪናው መስኮት ላይ ሆኖ ዋጋ ይሰብራል። ሠሪዎቹ የሚሸጡት ቀርከሃ ከታካያማው አያንስም። ያነሰው የእኛ አያያዝ ነው፤ በዚህ አልጠራጠርም።

የሄድንበት ጊዜ ጾመ ነቢያት ነበር። መብሉ አስቸገረን፤ አትክልት ብቻ ነው የተባለው ሾርባ እንኳ የደረቀ ዓሣ ተቀቅሎበታል። ልጃችን በመጨረሻ የቡድሃ መነኮሳት የሚመገቡትን የጾም ምግብ ወደሚያቀርብ ቤት ወሰደችን። ሾጂን ይባላል። ሥጋ የለም፣ ዓሣ የለም፣ ወተት የለም። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። ነጭ ሽንኩርትና ሽንኩርትም ግን የለም! መዓዛቸው ስሜትን ያነሣሣል ብለው መነኮሳቱ ከለከሏቸው። ሽንኩርት የሌለው ጾም አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሾርባው የባሕር አረምና የደረቀ እንጉዳይ የተዘፈዘፈበት ነው፤ የአኩሪ አተር አይብ፣ የተቀቀለ ሥራሥር፣ ሩዝ፣ ሁሉም በየትንንሽ ሳህኑ ይቀርባል። መጀመሪያ አልጣመንም። ቀስ ብለን ስንበላው ግን ካሮቱ ካሮት፣ ባቄላው ባቄላ ሆኖ ተሰማን። ጾም በርበሬና ሽንኩርት ላይ ሳይደገፍም ይቆማል። ባለቤቴ ከልቧ አሰበችበት፤ «የእኛ ጾም ሆዳችንን ነው የሚከለክለው፤ የነሱ አፍንጫቸውንም» አለች። ከአንድ ትልቅ ሰሃን ሁላችንም አለመብላታችን ግን እስከ መጨረሻው አልተለመደላትም።

ጫካውን ያየነው ከመመለሳችን በፊት ነው።

የሜጂ መቅደስ ከከተማው እምብርት ነው። ከታላቅ የእንጨት በር ሥር አልፈን ጥቂት እንደሄድን የመኪናው ድምፅ ጠፋ። ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ሰማዩን ጋርደውታል፤ መሬቱ የበሰበሰ ቅጠልና የእርጥበት ሽታ አለው፤ ቁራ ይጮኻል። ባለቤቴ ሳታስበው ነጠላዋን አስተካከለች። «ይህ እኮ የደብር ጫካ ነው» አለች። እኔ ደግሞ እንደ ጂኦግራፊ መምህርነቴ፣ ከተማው ሲሰፋ ሳይጨፈጨፍ የተረፈ የጥንት ደን ነው ብዬ አስረዳኋት። ተሳስቼ ነበር።

ረዥም መጥረጊያ የያዙ አንድ ሽማግሌ የጠጠሩን መንገድ እየጠረጉ ነበር። ቅጠሉን ሰበሰቡት፤ ከዚያ ግን አልጣሉትም፣ አላቃጠሉትም፤ ተሸክመው ወደ ዛፎቹ ሥር መልሰው በተኑት። ልጃችን ለምን ብላ ጠየቀችልኝ። «ቅጠሉ የጫካው ነው» አሉ። ከዚያም ታሪኩን ነገሩን።

ሰባ ሄክታር የሚሆነው ይህ ደን ከመቶ ዓመት ጥቂት ቀደም ሲል አልነበረም። አብዛኛው ቦታ እርሻና ሜዳ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ሜጂ በ1912 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ሕዝቡ መታሰቢያ አደርጋለሁ ብሎ ከየአውራጃው 100 ሺህ ያህል ዛፍ ላከ፤ 110 ሺህ ያህል ወጣቶች በፈቃዳቸው መጥተው ተከሉ፤ መቅደሱ በ1920 ተመረቀ። ሆንዳ ሴይሮኩ የተባሉ የደን ሊቅና ባልደረቦቻቸው ናቸው ያቀዱት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦኩማ ሺጌኖቡ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ግርማ ያለው የጥድ ወገን ብቻ ይተከል አሉ። ሊቃውንቱ እንቢ አሉ፤ ያ ዛፍ የቶኪዮን አፈርና ጭስ አይችልም፤ ለዚህ መሬት የሚስማሙ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ተደባልቀው ይተከሉ፤ አጫጭሮቹ ከረጃጅሞቹ ሥር ያድጉ፤ ደካማው ይውደቅ፣ ብርቱው ይተካ፤ ሰው እጁን ያንሣ አሉ። ከ50፣ ከ100፣ ከ150 ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል በሥዕል አሳዩ። ሆንዳ በ1952 ሞቱ። በሥዕል ያሳዩትን ጎልማሳ ደን በዓይናቸው አላዩትም። በ1945 የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከተማዋን በእሳት ሲደበድቡ መቅደሱ ነደደ፤ ደኑ ግን ተረፈ።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሜጂና አጤ ምኒልክ የአንድ ዘመን ነገሥታት ናቸው፤ ምኒልክ ከሜጂ አንድ ዓመት ቆይተው አረፉ። በምኒልክም ዘመን ዛፍ ተተክሏል። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ልትለቀቅ፣ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲታሰብ፣ ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ አዳናት። ትልቅ ውለታ ነው። ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ ዛፍ ማለት ለእኛ ቶሎ የሚደርስ፣ ቶሎ የሚቆረጥ ሆነ። በእኛም አውራጃ እንዲሁ ነው። ፋግታ ለኮማ፣ ባንጃ ብትሄዱ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፤ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ነው። ገበሬው ይተክለዋል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ይቆርጠዋል፣ ከሰል ያደርገዋል፣ መሬቱን እህል ይዘራበትና እንደገና ይተክለዋል። የተራቆተው መሬት ለብሷል፤ በዚያ ከሰል ደብተርና ጫማ ተገዝቶላቸው ያስተማርኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዲከረንስን አላማም። ግን ኮረብታው ሁሉ አንድ ዘር ሆነ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሽታ ገብቶበት ማሳው በሙሉ እየደረቀ ገበሬውን ባዶ እጁን ሲያስቀረው አይተናል። የጃፓኖቹ ሊቃውንት ዛፉ ተደባልቆ ይተከል ያሉት ትዝ አለኝ።

ለዚህ ቶኪዮ ድረስ መሄድ አልነበረብኝም፤ ባለቤቴ በአንድ ቃል ጨርሳው ነበር። የደብር ጫካ። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋንዛው፣ ብሳናው ተደባልቆ፣ ማንም ሳይቆርጠው፣ በአባቶች ግዝት ተጠብቆ ከሜጂ ደን በፊት ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ደን በየአጥቢያችን አለን። ዘንገናም አለ፤ ከአዲስ አበባ ስትመጡ ቆሰበር ከመግባታችሁ በፊት ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ጥልቀቱ 166 ሜትር የሆነ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ ዙሪያውን በአገር በቀል ዛፍ የተከበበ። ተማሪዎቼን ሐይቁን እንዲለኩ ወስጃቸዋለሁ። ደኑን አንድ ቀን እንኳ ቀና ብለን አላየነውም።

ስንመለስ ባለቤቴ አባቷ ከሠሯቸው ወንበሮች የተረፈውን አንዱን ከዕቃ ቤት አውጥታ፣ ወልውላ፣ ሳሎን አስገባችው። እንግዳ ሲመጣ የምታስቀምጠው እሱ ላይ ነው።

እኔ ደግሞ የኮሶ ችግኝ ማፍላት ጀመርሁ። ሽማግሌዎቻችን የከተማችንን ስም ሲፈቱት የኮሶ በር ይሉናል፤ በሩ ላይ ግን ኮሶ የለም። ኮሶ ዝግ ያለ ዛፍ ነው፤ እኔ ጥላው ሥር አልቀመጥም። ችግኞቹ ለሚመጣው ክረምት ይደርሳሉ፤ የምትፈልጉ የቆሰበር ሰዎች ኑና ውሰዱ፤ ዋጋ የለውም። አንድ ብቻ ግን አትውሰዱ። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው፤ ብቻውን የተተከለ ዘር አይሰጥም።